ጫጩት ሲንጫጫ፣ ዶሮ ስትቆስል፦ ለሐዋሳ ጓሮ ችግርና መፍትሄ

«ጫጩቶቼ እያለቁ ነው» ብለው የሚመጡ ጎረቤቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የመድኃኒት ስም ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ጫጩቶቹ ሌሊት የት እንዳደሩ ነው። እስካሁን ካየሁት የጓሮ ጫጩትን የሚጨርሰው ከበሽታ ይልቅ ብርድና እርጥበት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ምልክቶች ስታነቡ መድኃኒት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እጃችሁን ጫጩቶቹ የሚያድሩበት ካርቶን ውስጥ አስገቡና ወለሉን ዳስሱ።

ተደራርበው ይንጫጫሉ፣ አያባሩም

በርዷቸዋል። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት የሰውነቱን ሙቀት በራሱ መጠበቅ አይችልም፤ እናቱ ክንፏ ሥር ካላስገባችው ሙቀቱን እኛ መስጠት አለብን። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቶቹ ቁመት ልክ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ፣ አምስትና ስድስት ሳምንት ሆኗቸው ላባ እስኪያወጡ ድረስ ይቀጥላል። ሐዋሳ ሞቃት ከተማ ናት ብላችሁ አትዘናጉ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀን ፀሐይዋ ብትጠብስም ሌሊቱ ለጫጩት የሚሆን አይደለም።

ቴርሞሜትር ባይኖራችሁም አቀማመጣቸው ይነግራችኋል። ለሙቀት የሰቀላችሁላቸው አምፖል ሥር ከተከመሩ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው ጥግ ይዘው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ወገን ከታጨቁ ከሌላው ወገን ነፋስ እየገባ ነው። ተበታትነው የሚበሉና ለስለስ ያለ ድምፅ የሚያሰሙ ከሆነ ደህና ናቸው።

ታቦር ተራራ ሥር የሚኖሩ አንዲት እናት አንድ ምሽት ካርቶን አቅፈው መጡ። «ልጄ፣ ቴትራሳይክሊንም በጠበጥኩላቸው፣ ዝም አላሉም» አሉኝ። አምፖሉ በርቶ ነው የሚያድረው፤ ግን ኤሌክትሪክ ቆጣቢ አምፖል ነው። እንዲህ ያለው አምፖል ብርሃን ይሰጣል እንጂ ለጫጩት የሚበቃ ሙቀት የለውም። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ጋዜጣ ደግሞ ከውሃ መጠጫው በፈሰሰ ውሃ ረጥቦ ከካርቶኑ ጋር ተጣብቋል። ጋዜጣውን አንስተን ደረቅ ሰጋቱራ ነሰነስን፤ ዱሮ የምናውቀውን የሚያቃጥል ባለ 60 ዋት አምፖል በካርቶኑ አንድ ወገን ብቻ ሰቀልን። በአንድ ወገን መሆኑ ለጫጩቶቹ ምርጫ ይሰጣል፤ የሞቀው ይሸሻል፣ የበረደው ይጠጋል። እሳቸው ቡናቸውን ጠጥተው ሳይጨርሱ ካርቶኑ ጸጥ አለ።

መብራት ሲጠፋ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሃላቸው አስቀምጡ፤ ሲቀዘቅዝ ቀይሩ። ካርቶኑን በጭድ የተሞላ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ማስገባትም ሙቀቱን ይይዛል፤ ከላይ ግን አየር ማስገቢያ ይኑረው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ጫጩቶቹን ብቻ ሳይሆን በዚያው ክፍል የሚተኛውን ሰው ይገድላል።

አይበሉም፣ ይፈዝዛሉ

በተፈለፈሉበት ቀን ከሆነ አትጨነቁ። ከአስኳሉ የተረፈ ስንቅ ሆዳቸው ውስጥ ስላለ ሁለት ቀን ያህል ያቆያቸዋል። ከዚያ በኋላ ካልበሉ ብዙ ጊዜ ውሃውን አላገኙትም ማለት ነው፤ የእያንዳንዱን አፍ ጫፍ ውሃው ውስጥ ነከር አድርጋችሁ አሳዩት። መጠጫው ጠፍጣፋ ይሁን፣ ጠጠርም ይጨመርበት፤ ጫጩት በትንሽ ሳህን ውሃ ይሰጥማል። ረጅም መንገድ ተጉዘው ለመጡ ጫጩቶች በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይበቃል።

ስለ መኖው አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ለጫጩት አትስጡ። ለእንቁላል ቅርፊት ተብሎ የተጨመረው ካልሲየም የጫጩትን ኩላሊት ይጎዳል። የተፈጨ በቆሎ ብቻውን ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። የጫጩት መኖ እስክታገኙ ድረስ ተቀቅሎ የደቀቀ እንቁላል ጨምሩበት።

ፊንጢጣው በደረቀ ኩስ ተደፍኗል

ብርድ፣ ሙቀት መብዛት ወይም የጉዞ ድካም ያመጣዋል። ካልተጸዳ ጫጩቱ ማስወጣት ስለማይችል ይሞታል። ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ያዙበት፣ ሲለሰልስ ጥረጉት፣ አድርቃችሁ ወደ ሙቀት መልሱት። ደረቁን አትንቀሉ፤ ቆዳው አብሮ ይነሳል። እምብርቱን ከኩስ ጋር እንዳታምታቱት ተጠንቀቁ፤ እምብርት ያለው ወደ ሆዱ ነው፣ እሱ አይነካም።

እግሩ ግራና ቀኝ ተከፍቶ መቆም አቅቶታል

ጋዜጣ ወይም ላስቲክ ላይ ስለሚንሸራተት ነው። ወለሉን ሸካራ አድርጉ። ሁለቱን እግሮች በቁስል ፕላስተር፣ በመሃላቸው የትከሻውን ስፋት ያህል ክፍተት ትታችሁ አያይዟቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተደረገ አብዛኛው ይድናል፤ ከሳምንት በኋላ ግን አጥንቱ ስለሚጠነክር ያስቸግራል።

ኩሱ ደም አለው፣ ላባው ቆሟል፣ ክንፉን ጥሏል

ከሦስት ሳምንት በላይ በሆነው ጫጩት ላይ ከታየ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን የአንጀት በሽታ ጠርጥሩ። ጀርሙ ረጥቦ በሞቀ ንጣፍ ውስጥ ይራባል፤ በዝናቡ ወራት የሚበረታውም ለዚህ ነው። አምፕሮሊየም የሚባለውን መድኃኒት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ገዝታችሁ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በመጠጥ ውሃቸው ስጡ። በዚያው ቀን ንጣፉን በሙሉ ካላወጣችሁ ግን ከኩሱ እየለቀሙ እንደገና ይታመማሉ።

አንገት ይጣመማል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ አለ፣ ትልልቆቹም ይሞታሉ

አንድ ጫጩት ብቻ አንገቱ ተጣሞ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ የቫይታሚን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ቫይታሚን በውሃ ስጡት። ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ከታመሙ ግን ፈንግል የሚባለው የዶሮ ወረርሽኝ ነው ብላችሁ ተነሱ። ፈንግል መድኃኒት የለውም። ነጭ ሽንኩርትም፣ ሎሚም፣ አረቄም፣ የሰው አንቲባዮቲክም አያድነውም። የሞቱትን በጥልቅ ቅበሩ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፣ የቀሩትን ደግሞ እባካችሁ ወደ ገበያ አታውጡ። ለበዓል የምንገዛው ዶሮ በሽታውን ወደ ግቢያችን የሚያመጣው እንዲህ ካለ ቤት ነው። አዲስ ዶሮ ሲገባ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

የፈንግል ክትባት አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ለጫጩት በዓይን ጠብታ ይሰጣል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላም በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ ማለቅ ስላለበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ጠዋት ማስከተብ ይሻላል። ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ቤት ድረስ በበረዶ ይያዝ።

ዶሮዋ ቆስላ ደም እየፈሰሳት ነው

ውሻ፣ ድመት፣ ሽለምጥማጥ ወይም ጭልፊት ይሆናል። ንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ለአምስት ደቂቃ ያህል ያዙ፤ በየሰከንዱ እየገለጣችሁ አትዩ። ቡና አትነስንሱበት፤ ደሙን ያቆመ ቢመስልም ቆሻሻውን ውስጥ ይዘጋዋል። የጥፍር መድማት ከሆነ ጥቂት የበቆሎ ዱቄት ይበቃል።

ደሙ ሲቆም በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ ቁረጡ፤ አትንቀሉ። ላባው ሲነሳ በደም የረጠበ ላባ ሥር የተደበቁ ሌሎች ቀዳዳዎች ይታያሉ። የውሻ ንክሻ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከላይ አንድ ጭረት፣ ከሥር ጥርሱ የገባበት ሦስት አራት ጠባብ ጉድጓድ። በአንድ ሊትር ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ፣ መርፌ ባልተሰካበት ስሪንጅ እያንዳንዱን ቀዳዳ እጠቡ፤ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ። ከዚያ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ የቀጠነ አዮዲን ወይም ንጹሕ ማር ቀቡት። ዶሮ የሚያስደነግጥ ቁስል ችሎ ይድናል፤ ቆዳው ተገልጦ ሥጋው ስለታየ ብቻ ተስፋ ቆርጣችሁ ለቢላ አትቸኩሉ። አንጀት ከታየ፣ አጥንት ከወጣ ወይም ቁስሉ ከሸተተ ግን የሐኪም ነው። አንቲባዮቲክ ካዘዘላት እንቁላሏንም ሥጋዋንም ስንት ቀን እንደማትበሉ ጠይቁ።

በቀን ሁለት ጊዜ ቁስሉን እዩ። ዝንብ እንቁላል ከጣለበት በአንድ ቀን ትል ይሆናል፤ ትሉን በወረንጦ ለቅማችሁ እንደገና በጨው ውሃ እጠቡ፣ ቦታዋንም በአጎበር ሸፍኑ።

ሌሎቹ ቁስሏን ይጠቀጥቋታል

ቀይ ነገር ያያሉ፣ ይጠቀጥቃሉ፣ አያቆሙም። ከውሻው ተርፋ በእህቶቿ የምትሞት ዶሮ አለች። ወዲያው ለዩአት፤ ጨለም ያለና ሞቃት ካርቶን ውስጥ ውሃና መኖ አጠገቧ አድርጉላት። ድንጋጤው ካለፈ ከአንድ ቀን በኋላ ግን መንጋውን የምታይበት፣ በሽቦ የተለየ ቦታ ውስጥ አኑሯት፤ ከዓይናቸው ከጠፋች ስትመለስ እንደ እንግዳ ያባርሯታል። ሳትቆስልም የሚጠቀጠቁ ከሆነ ተጨናንቀዋል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ቤት ከአራት ዶሮ በላይ አታስገቡ። የመኖ ፕሮቲን ማነስም እንዲሁ ያደርጋቸዋል።

ቁስሉ ቆዳ ሲይዝና ቀይነቱ ሲጠፋ፣ አመሻሽ ላይ ሁሉም ቆጥ ሲወጡ ከመሃላቸው አስቀምጧት። ንጋት ላይ ቀድማችሁ ተነሥታችሁ ተመልከቱ። አንዷ ብቻ ከሆነች የምታባርራት፣ የምትለየው ያቺን አባራሪዋን ነው፤ ለሁለት ሦስት ቀን ውጭ ትቆይና ትመለስ።