ድሬዳዋ ላይ ጠዋትን መያዝ፦ ከንጋቱ 11፡45 እስከ 2፡30

ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ጠዋት ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ሰውም ገበያም ወደ ጥላ ይሰበሰባል፤ ከተማዋ እንደገና የምትነቃው 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ እዚህ 2 ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው ቀዝቃዛውን ጊዜ ተኝቶበት፣ የቀረውን ሥራ ሙቀት ውስጥ ይገፋል። ቋሚ የጠዋት ፕሮግራም ለድሬ ሰው ከሌላው ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚወሰነው የመነሻ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ግን ከመኝታ ሰዓት ይጀምርና እዚያው ይሸነፋል። እንቅልፍ ተጠርቶ አይመጣም፤ መነሳት ግን በእጃችን ነው። በየቀኑ፣ እሁድንም ጨምሮ፣ በአንድ ሰዓት ከተነሳችሁ ማታ ላይ እንቅልፉ ራሱ ቀደም ብሎ ይመጣል። የእኛ ምርጫ 11፡45 ነው። ፀሐይ በግንቦትና በሰኔ 11፡50 አካባቢ፣ በጥር ደግሞ 12፡30 ገደማ ትወጣለች። የዓመቱ ልዩነት 40 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ክረምት ከበጋ አላርም መቀያየር አያስፈልግም። ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ለማግኘት መብራት የሚጠፋው ከምሽቱ 4፡30 ነው። ለሱብሂ ሶላት የሚነሳ ሰው ደግሞ ከሶላት በኋላ ተመልሶ ባይተኛ ይሻላል፤ ያቺ የሁለተኛ እንቅልፍ ከመጀመሪያው ይልቅ ታደክማለች። መኝታውን ወደ 3፡30 ማምጣት ነው መፍትሔው።

ጠዋት የሚበላሸው ግን ጠዋት ላይ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ነው። ይህን መሸፋፈን አይጠቅምም። 10 ሰዓት ላይ የተጀመረ በርጫ እስከ ምሽት ይሄዳል፤ ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ስለሆነ ምርቃናው ካለፈም በኋላ እንቅልፍ ይርቃል። በጨብሲ ለማስተኛት መሞከር ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል እንጂ ከሌሊቱ ግማሽ በኋላ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ጫቱን ጨርሶ የማይተው ሰው ቢያንስ 9 ሰዓት ላይ ይጨርስ። አምሽቶ የተኛም ቢሆን በማግስቱ 11፡45 ላይ ይነሳ፤ ዓይን ለመግለጥ ብሎ በጠዋት መቃም ግን ችግሩን ለነገ ማስተላለፍ ነው። ቡናም እንዲሁ ነው፤ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃልና የመጨረሻዋ ሲኒ ከ8 ሰዓት አትለፍ። የቀትር እንቅልፍ ልማዳችን ነው፣ ጥሩም ነው፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ሰዓት ተኩል ከተተኛ ግን የማታውን ይበላል።

ማታ 15 ደቂቃ ለዝግጅት ይመደብ። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሙሉ፣ የመታጠቢያውን ውሃ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ጠዋት ቧንቧው ዝም ካለ ፕሮግራሙ በሙሉ ይፈርሳል። ልብስና ጫማ ይውጣ። ለቁርስ ፉል ከታሰበ ባቄላው ከ8 እስከ 12 ሰዓት መዘፍዘፍ ስላለበት ከጠዋት ጀምሮ ተዘፍዝፎ ማታ ይቀቀል፤ በማግስቱ ማሞቅ ብቻ ይቀራል። ስልኩ ከአልጋው ቢያንስ አራት እርምጃ ርቆ ይሁን። አላርም ለማጥፋት ከአልጋ የወረደ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አሁን ጠዋቱ። እንደተነሳችሁ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። በቆላ ሌሊት ሰውነት በላብና በትንፋሽ ብዙ ውሃ ያጣል፤ ጠዋት የሚሰማው የራስ ከባድነት አንዳንዴ ጥማት ነው። ድብታው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቢቆይ አትደንግጡ፤ ያ የሁሉም ሰው ነው፣ በዚያ ስሜት ተመርታችሁ ወደ አልጋ አትመለሱ። በጾም ቀን ውሃውም ቁርሱም ይቀራል፤ ሰዓቱ ግን አይነካ፣ ውሃው በማታው ላይ ይጨመር። በረመዳን ፕሮግራሙ በሱሁር ዙሪያ ይዞራል፤ ወሩ ሲያልቅ ወደ ቀድሞው ለመመለስ በየቀኑ 15 ደቂቃ እየገፉ መሄድ በአንዴ ከመዝለል ይቀላል።

ቀጥሎ መስኮት። ይህ ለቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ትልቁ ሥራ ነው። ትይዩ ያሉትን መስኮቶችና በሩን በአንድነት ክፈቱ፤ አየሩ የሚያልፈው መግቢያና መውጫ ሲኖረው ነው። ከዚያ ከ2፡30 በኋላ ዝጉ፣ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለውን መጋረጃም አውርዱ። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ንፋስ ይግባ» ተብሎ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይዋላል፣ የሚገባው ግን ትኩስ አየር ነው። መለያው ቀላል ነው፤ በሩ ላይ ቁሙ፣ ከውጭ የሚመጣው አየር ከቤቱ አየር ካልቀዘቀዘ ይዘጋ።

መስኮቱ ላይ ወንፊት ይኑር። ደንጊና ቺኩንጉንያ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ቀን ነው፤ በተለይ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ሰዓታትና ከመጥለቋ በፊት። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች። ይህች ትንኝ የምትራባው እኛው ያጠራቀምነው ውሃ ውስጥ ነው፤ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ሰባት እስከ አሥር ቀን ይበቃታል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በርሜሉ ይገልበጥ፣ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተግ። እንቁላሉ ከግድግዳው ላይ ስለሚጣበቅ ውሃውን መድፋት ብቻ አይጠቅምም። በሌሎቹ ቀናት ክዳኑን መግጠም ብቻ።

12፡15 ላይ ውጡ። ለ30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ። የንጋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ ቤት ውስጥ ያለ አምፖል የውጪውን ጥላ እንኳ አያክልም። የከዚራ ሰፈር ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዳርና ዳር ዛፍ። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ለእግር ለስላሳ ነው፤ በክረምት ግን አትግቡበት። ጎርፉ የሚመጣው ደጋ ላይ በጣለ ዝናብ ነው፣ ከተማው ጠብ ሳይልበት። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ በሌሊት ነበር የመጣው። ሐረር ያላችሁ የጁገልን ግንብ በውጭ በኩል ዙሩት፤ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እናንተ ጋ ከፍታው ከድሬ 700 ሜትር ያህል ስለሚበልጥ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፤ ሹራብ ያዙ፣ መስኮቱንም እስከ 4 ሰዓት መክፈት ትችላላችሁ።

ሲመለሱ መታጠብ፣ ከዚያ 1 ሰዓት ላይ ቁርስ። ፉል በዳቦ ወይም ፍርፍር እስከ ቀትር ያቆያል፤ ሻይ በብስኩት ግን 4 ሰዓት ላይ ያስርባል። ቡናው ከቁርስ በኋላ አንድ ሲኒ ይሁን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ መቀመጥ አንድ ሰዓት ስለሚያልፍ ለእሁድ ይቆይ። ከ1፡30 እስከ 2፡30 ያለው ጊዜ የቀኑ ከባድ ሥራ የሚነካበት ነው፦ ሒሳብ፣ ጥናት፣ ጽሑፍ። ስልኩ እስከዚያ ዝም ይበል።

ሁሉን በአንድ ሳምንት አትጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መነሻ ሰዓቱና ውሃው ብቻ፤ ከዚያ እርምጃው፣ ከዚያ የሥራ ሰዓቱ ይጨመር። ለንደን ላይ በ96 ሰዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ አንድ ነገር ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አሳይቷል፤ ለአንዳንዱ 18፣ ለሌላው 254። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን እንዳላበላሸውም ታይቷል። ሠርግ ወይም ለቅሶ አምሽታችሁ ጠዋቱ ካመለጣችሁ በማግስቱ 11፡45 ላይ ተነሱ፤ የጎደለውን እንቅልፍ በቀትሯ 30 ደቂቃ ካሱት።