ስልኩ ላይ አለ፣ ላፕቶፑ ላይ የለም፦ ቤት ውስጥ ያስቀመጡት የጆፕሊን ሰርቨር እምቢ ሲል

ይህ ጽሑፍ ማስታወሻቸውን ለማንም አደራ ሳይሰጡ፣ በራሳቸው ሰርቨር ለሚይዙ ነው። ለመምህሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ላለችው ተማሪ፣ ፋሲል ግንብ ለሚያስጎበኘው ልጅ። የማስታወሻ መጻፊያውን አፕ የጆፕሊንን ሰርቨር አሮጌ ላፕቶፕ ወይም ራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል በየራሱ ሳጥን ይዞ በሚያሠራው) ጭናችሁ፣ ከስልክና ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችኋል እንበል። ሲሠራ ደስ ይላል። አንድ ቀን ግን ይቆማል።

ጎንደር ላይ ሲቆም፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአፑ አይደለም። የመብራት፣ የሰዓት ወይም የአድራሻ ነው። ስለዚህ አፑን ከመነካካታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ከሁሉ በፊት፦ አፑን አታጥፉት

ጆፕሊን ማስታወሻውን መጀመሪያ የሚያስቀምጠው እዚያው በየመሣሪያው ላይ ነው። ሰርቨሩ ያገናኛል እንጂ ብቸኛው ማኅደር አይደለም። ጥር 11 ጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ሰው ሞልቶ ኔትወርኩ ቢጨናነቅ፣ የጻፋችሁት ስልካችሁ ላይ አለ። ማታ ቤት ስትገቡ ይሄዳል።

አደጋው የሚመጣው ሲንክ (ማስታወሻዎቹን በመሣሪያዎቹ መካከል ማመሳሰል) እምቢ ሲል አፑን አጥፍቶ እንደገና በመጫን ነው። ገና ወደ ሰርቨሩ ያልሄደ ጽሑፍ ካለ አብሮ ይጠፋል፤ አይመለስም። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ «ፋይል» ውስጥ ግቡና ሁሉንም ጄኢኤክስ በሚባለው የጆፕሊን የራሱ ፎርማት ኤክስፖርት አድርጉ። ፍላሽ ላይ ገልብጡት። ስልኩ ላይ ብቻ ያለ ጽሑፍ ካለ ደግሞ ኮፒ አድርጋችሁ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት። ከዚያ በኋላ በሰላም መፈተሽ ይቻላል።

«መብራት ሄዶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ አይገናኝም»

እዚህ ከተማ የመጀመሪያው ቅሬታ ይሄ ነው። ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም፤ በቅደም ተከተል መሄድ ይሻላል።

አንደኛ፣ ማሽኑ በርቷል? ብዙ ኮምፒውተር መብራት ሲመለስ በራሱ አይነሳም። ባዮስ ውስጥ ግቡና መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ ፈልጉ። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አድርጉት።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ በርቶ ኮንቴይነሩ ተኝቶ ይሆናል። የዶከር ሪስታርት ፖሊሲውን (ኮንቴይነሩ ሲቆም እንደገና እንዲነሳ የሚያዘውን) «አንለስ ስቶፕድ» አድርጉት። ለጆፕሊኑም፣ ማስታወሻዎቹ ለሚቀመጡበት ዳታቤዝ ለፖስትግሬሱም። አንዱን ብቻ አድርጎ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው።

ሦስተኛ፣ አድራሻው ተቀይሮ ይሆናል። መብራት ሲመጣ ራውተሩም እንደ አዲስ ይነሳል፤ ለየመሣሪያው እንደ አዲስ አድራሻ ሊያድል ይችላል። ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ሰርቨር ዛሬ 192.168.1.9 ይሆናል። ስልኩ ግን የድሮውን በር ያንኳኳል። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ ያዙለት፤ ይህ ችግር ዳግም አይመጣም።

አራተኛ፣ ፖስትግሬስ ራሱን እየጠገነ ይሆናል። በድንገት ሲቋረጥበት ሲነሳ ሎጉን አንብቦ ያልተጠናቀቀውን ያስተካክላል። ለዚህ የተሠራ ነው። ጥቂት ደቂቃ ስጡት፤ «ቆመ» ብላችሁ ገመዱን አትንቀሉበት። ራስበሪ ፓይ ላይ ግን ዳታቤዙ ሚሞሪ ካርድ ላይ ከተቀመጠ እውነተኛ ስጋት አለ። ተደጋጋሚ መቋረጥ ካርዱን ይጎዳዋል። ወደ ኤስኤስዲ አዛውሩት።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ባትሪው ገና ያልሞተ አሮጌ ላፕቶፕ ከአዲስ ራስበሪ ፓይ ይሻላል። ባትሪው የራሱ ዩፒኤስ ነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢይዝ ብዙውን አጭር መቆራረጥ ያሻግራል።

«ሰርቨሩ ይነሳል፣ ወዲያው ይወድቃል»

መብራቱ መጥቷል፣ ኢንተርኔቱ ግን ገና ነው። ሎጉን ስታዩ ስለ ኔትወርክ ሰዓት የሚያወራ ስህተት አለ። ጆፕሊን ሰርቨር ሲነሳ የማሽኑን ሰዓት ከኢንተርኔት ሰዓት ጋር ያመሳክራል። ማመሳከሪያውን ካላገኘ ወይም ልዩነቱ ከተፈቀደው ካለፈ አልነሳም ይላል። የተፈቀደው ልዩነት ጠባብ ነው።

ኢንተርኔት ሲመለስና ሪስታርት ፖሊሲው ትክክል ሲሆን ብዙ ጊዜ በራሱ ይነሳል። መጠበቅ የማትፈልጉ ከሆነ በኮምፖዝ ፋይሉ (የዶከር ቅንብሩ በተጻፈበት) ውስጥ «ማክስ ታይም ድሪፍት» የሚለውን 0 አድርጉት፤ ማመሳከሩን ይተወዋል። ግን ይህን ካደረጋችሁ የማሽኑን ሰዓት የመጠበቅ ኃላፊነት የእናንተ ነው።

እስከ 4ኛው ሞዴል ያሉት ራስበሪ ፓይዎች ሲጠፉ ሰዓት የሚቆጥርላቸው ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም። 5ኛው ሰዓቱ አለው፤ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል። አሮጌ ኮምፒውተርም በተነሳ ቁጥር ዓመቱን ከሳተ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። በአብዛኞቹ ላይ ሲአር2032 የምትባለው ናት፤ ሰዓት የሚያድሱ ልጆች ጋር አትጠፋም።

«የአንዱ ሰው ስልክ ብቻ እምቢ አለ»

የሌላው ስልክ ይሠራል፤ የአንዱ ስልክ ግን የሰርቨሩን ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫውን) አላምንም ይላል፣ ወይም ማስታወሻዎቹን ያዘባርቃል። የስልኩን ሰዓት ተመልከቱ። ረፋዱ ላይ 4፡00 ይላል?

ስልካቸውን በሐበሻ ሰዓት የሞሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በተለይ ትልልቆቹ። ቤት ውስጥ ለአባባም ለእማማም የገበያ ዝርዝር ማስታወሻ ከፍታችሁላቸው ከሆነ እዚህ ጋ ትደርሳላችሁ። ስልኩ ግን የሚያውቀው ዓለም አቀፉን አቆጣጠር ነው። የጠዋቱን 2 ሰዓት በእጅ ሲሞሉት፣ ለስልኩ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ወደኋላ ቀረ ማለት ነው። ጆፕሊን ደግሞ የቱ ማስታወሻ በኋላ እንደተቀየረ የሚለየው በዚህ ሰዓት ነው። ዓመተ ምሕረቱንም በእኛ ካስገቡት ስልኩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ያኔ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት ገና ያልተወለደ ይሆንበታል፤ ግንኙነቱን ይዘጋዋል።

መፍትሄው ቀኑና ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ማብራት ነው። የሰዓት ቀጠናው የምሥራቅ አፍሪካ፣ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ወደፊት። ለአባባ ደግሞ የኢትዮጵያን ሰዓትና ቀን የሚያሳይ አፕ ፊት ለፊት አስቀምጡላቸው። ሰዓታቸውን ቀይራችሁ ሳትነግሯቸው አትሂዱ፤ ቀጠሮ ያስቀርባቸዋል።

«ቤት ይሠራል፤ ፒያሳ ስወጣ የለም»

በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ከቤታችሁ ግድግዳ አያልፍም። አዘዞም ሆናችሁ ማራኪ ግቢ፣ ስልኩ አያገኘውም።

ብዙ መመሪያዎች «ራውተር ላይ ፖርት ክፈት» ይላሉ፤ ከውጭ መግቢያ በር ክፈት ማለታቸው ነው። መጀመሪያ ራውተሩ ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ እዩ። በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ከብዙ ደንበኞች ጋር አንድ አድራሻ እየተጋራችሁ ነው። ፖርት ብትከፍቱም ከውጭ የሚገባ የለም። ድካም ብቻ ነው።

ይልቅ ቴይልስኬልን (መሣሪያዎቻችሁን በአንድ የግል ኔትወርክ የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው) በሰርቨሩም፣ በስልኩም፣ በላፕቶፑም ላይ ጫኑ። ለግል አገልግሎት ነፃ ነው። ለሰርቨሩ በ100 የሚጀምር የማይቀያየር አድራሻ ይሰጠዋል። ፖርት መክፈት አያስፈልግም፤ ሰርቨሩም ለዓለም ሁሉ አይጋለጥም።

አድራሻውን ስትቀይሩ ግን «ኢንቫሊድ ኦሪጅን» የሚል ስህተት ሊመጣ ይችላል። ጆፕሊን ሰርቨር «አፕ ቤዝ ዩአርኤል» በሚለው መስመር ላይ በተጻፈለት አድራሻ ለመጣ ብቻ ነው የሚከፍተው። ስልኩ ላይ የጻፋችሁትና እዚያ ያለው አንድ ዓይነት ይሁን፤ 22300 የሚለው የፖርት ቁጥር ሳይቀር። ቤትም ውጭም ያንኑ አንድ አድራሻ ተጠቀሙ።

ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ሁሉም ሰው ከውጭ ሲንክ ማድረግ አያስፈልገውም። ቀን ጽፎ ማታ በቤት ዋይፋይ የሚያገናኝ ሰው ፓኬጁም አያልቅበትም።

«ጽሑፉ ይሄዳል፣ ፎቶው አይሄድም»

ከሰርቨሩ ፊት ኤንጂንኤክስ (የመጣውን ተቀብሎ ለሰርቨሩ የሚያሳልፍ ፕሮግራም) አስቀምጣችሁ ከሆነ፣ ካልነገራችሁት በስተቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። የስልክ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። ገደቡን ወደ 100 ሜጋባይት ከፍ አድርጉት። ኤንጂንኤክስ ከሌለ ደግሞ ስልኩ ላይ አባሪ ፋይሎችን የሚያወርድበትን ሁኔታ እዩ፤ በእጅ ሲነኩት ብቻ እንዲያወርድ ተደርጎ ይሆናል። «በዋይፋይ ብቻ» የሚለውም ምርጫ እንደዚሁ።

«ኮንፍሊክትስ የሚል ደብተር መጣብኝ»

አትደንግጡ። አንዱን ማስታወሻ በሁለት መሣሪያ ላይ፣ መሃል ላይ ሲንክ ሳታደርጉ ቀይራችኋል። ጆፕሊን ከሰርቨሩ የመጣውን በቦታው ያስቀምጥና የመሣሪያውን ወደዚህ ደብተር ያዞረዋል። ይህ ደብተር ወደ ሌላ መሣሪያ አይሄድም፤ የታየበት መሣሪያ ላይ ብቻ ነው ያለው። እዚያው ከፍታችሁ አነጻጽሩ፤ የጎደለውን ወደ ዋናው ገልብጡ፤ ከዚያ ቅጂውን ሰርዙ።

«ሁሉም ተቆልፎ ይታየኛል»

ሁለተኛው መሣሪያ ላይ የምስጠራውን ይለፍ ቃል አላስገባችሁም። አስገቡና ጠብቁ። አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ ምስጠራውን በአንዱ መሣሪያ ላይ ብቻ አብሩ፤ ሲንኩ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ። ይለፍ ቃሉ ከጠፋ ሰርቨሩ አይመልስላችሁም። ማስታወሻው ተከፍቶ የሚነበብበት መሣሪያ ካለ ግን ዛሬውኑ ኤክስፖርት አድርጉ።

«ሰርቨሩ ባዶ ሆኗል»

ይህ የሚሆነው የፖስትግሬሱ ማኅደር ከኮንቴይነሩ ውጭ ባለ ቮሊዩም (የዳታ ማስቀመጫ) ላይ ሳይቀመጥ ሲቀር ነው። ኮንቴይነሩን አዲስ ስትሠሩ ዳታው አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ ቮሊዩሙን አስተካክሉ።

ማስታወሻዎቹ መሣሪያዎቻችሁ ላይ አሉ። ጆፕሊን ሰርቨሩ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው የመሣሪያውን እንዳያጠፋ የሚከለክል «ፌይል ሴፍ» የሚባል ጥበቃ አለው፤ አታጥፉት። የተሟላው ማስታወሻ ያለበትን ኮምፒውተር ምረጡና ሲንክ ሴቲንግ ውስጥ ከታች ወዳሉት የላቁ ምርጫዎች ውረዱ። እዚያ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ የመሣሪያውን ዳታ እንደገና ወደ ሰርቨሩ ይጭናል፤ የምትፈልጉት እሱን ነው። ሌላኛው የመሣሪያውን አጥፍቶ ከሰርቨሩ ያወርዳል። ሰርቨሩ ባዶ በሆነበት ሰዓት ይህን ሁለተኛውን መንካት የቀረውንም ማጥፋት ነው። ቀስ ብላችሁ፣ ሁለቴ አንብባችሁ ጫኑ።

«ሲንክ ሆኗል፤ ስፈልገው ግን አላገኘውም»

ይህ የሰርቨር ችግር መስሎ የሚመጣ የፍለጋ ችግር ነው። ጆፕሊን የሚፈልገው ሙሉ ቃል ነው። «ጎንደር» ብላችሁ ስትፈልጉ «በጎንደር» እና «የጎንደር» አይመጡም። ከቃሉ ፊት አንድ እዝባር / አስቀምጡና ፈልጉ፤ ያኔ ቃሉ መሃል ላይ ቢሆንም ያወጣዋል። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈም «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልግ አያገኝም፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ቤተሰብ ወይም የሥራ ባልደረባ አንድ ደብተር የምትጋሩ ከሆነ፣ ዋና ዋና ቃላትን በአንድ አጻጻፍ ለመጻፍ ተስማሙ፤ ወይም ከማስታወሻው ላይ ታግ አድርጉበት።