ዎርድስዎርዝን ስታነቡ መጀመሪያ ጭሱን ፈልጉ

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሮማንቲክ ዘመን (ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 19ኛው መጀመሪያ አካባቢ) ግጥም ሲደርሳቸው ቶሎ ብለው «ስለ ተፈጥሮ ውበት ነው» ይሉና ያልፉታል። ይህ መልስ ያንገበግበኛል። ወንዙና ተራራው እርግጥ አለ። ግን እዚያ መሃል የሚኖር፣ የሚሸሽ፣ የሚናፍቅ ሰውም አለ። እሱን የማገኝበትን መንገድ ላሳያችሁ።

ለጀማሪ የምሰጠው ዊልያም ዎርድስዎርዝ በሐምሌ 1798 እ.ኤ.አ. የጻፈውን የቲንተርን ገዳም ግጥም ነው። ቦታው ዌልስና እንግሊዝ የሚዋሰኑበት የዋይ ወንዝ ዳር ነው። መጀመሪያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ መዝገበ ቃላት ሳትነኩ አንብቡት። ቤት አይመታም፤ አትደናገጡ። መስመሩ ስላለቀ ብቻ አትቁሙ። ሐሳቡ እስኪያልቅ ቀጥሉ።

ከዚያ እርሳስ ያዙ። የሰው እጅ የነካውን ሁሉ አስምሩበት፦ የአጥር ቁጥቋጦ፣ የፍራፍሬ ዛፎች፣ እስከ ደጃፍ ድረስ ለምለም የሆኑ እርሻዎች። ቀጥሎ ከዛፎቹ መሃል ጸጥ ብሎ የሚወጣ ጭስ ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጭሱ የማን ነው? ገጣሚው ራሱ ይገምታል፦ ጫካ ለጫካ የሚንከራተቱ ቤት አልባ ሰዎች፣ ወይም ዋሻው ውስጥ እሳት ዳር ብቻውን የተቀመጠ ባሕታዊ። በፈረሰው ገዳም አካባቢ ድሆች ይኖሩ እንደነበር የጉዞ ጸሐፊው ዊልያም ጊልፒን ቀደም ብሎ ጽፏል። ዎርድስዎርዝ ግን ገዳሙን በርዕሱ ይጠራውና ግጥሙ ውስጥ አያስገባውም። ድሆቹን ሸሸጋቸው ብለው የሚከሱት ተቺዎች አሉ። እኔ ክሱን በግማሽ እቀበላለሁ። ቶሎ አልፏቸዋል፤ ግን ጭሱን አላጠፋውም።

አሁን ደግሞ ዕድሜውን አስሉ። ቦታውን መጀመሪያ ያየው በ1793፣ በ23 ዓመቱ ነው። ያኔ የሚወደውን ነገር ከሚፈልግ ሰው ይልቅ ከሚፈራው ነገር የሚሸሽ ሰው እመስል ነበር ይላል። ምን እንደፈራ ግጥሙ አይነግረንም። ስለ ሕይወቱ ግን የምናውቀው አለ። በአብዮቱ ሰሞን ፈረንሳይ ኖሯል። በ1792 መጨረሻ እዚያ ሴት ልጅ ተወልዳለታለች። ብዙም ሳይቆይ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ጦርነት ተነሳና መንገዱን ዘጋበት።

ይህን ይዛችሁ ከግጥሙ ግማሽ አለፍ ብሎ ወዳለው ክፍል ድረሱ። እዚያ ተፈጥሮን ስመለከት የሰው ልጅን ጸጥ ያለ፣ ሐዘን ያዘለ ዜማ እሰማለሁ ይላል። ልጁንና ጦርነቱን ካሰባችሁ ይህ ቃል ባዶ አይሆንባችሁም። እኔ ሁለቴ ሳላነበው አላልፍም።

መጨረሻ ላይ «አንቺ» የሚላትን ፈልጉ። እህቱ ዶሮቲ ናት። እስከዚያ ድረስ ብቻውን የቆመ መስሎን ነበር። አሁን አጠገቡ እንዳለች እያወቃችሁ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አንብቡት። ሌላ ግጥም ይሆንባችኋል።

ዳፎዲል ስለሚባሉት ቢጫ አበቦች የጻፈው ዝነኛ ግጥምም በብቸኝነት ይጀምራል። የዶሮቲ ማስታወሻ ግን በሚያዝያ 1802 ኡልስዎተር ሐይቅ ዳር አብረው እንዳዩዋቸው ይናገራል። ነፋሱ ትንፋሽ ያሳጥር ነበር። አንዳንዶቹ አበቦች ደክሟቸው ድንጋይ ተንተርሰዋል ትላለች። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጉና እሱ ምኑን እንደተወው፣ እሷ ምኑን እንደያዘችው ለዩ። ለክፍል ውይይት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ሲለምድላችሁ ጆን ኪትስ በመስከረም 1819 ስለ መፀው ወራት ወደጻፈው ግጥም እለፉ። እዚያ «እኔ» የሚል የለም። ወቅቷ ራሷ ጎተራ ወለል ላይ ትቀመጣለች፤ በግማሽ ታጭዶ በቀረ ማሳ ላይ ታንቀላፋለች። እርሳሳችሁን አንሱና የሰው ሥራ የሆነውን አስምሩ፤ ከዚያ አጫጆቹ የት እንደሄዱ ጠይቁ።