ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ፦ ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት ዲስኩን ይመርምሩ

ወደ ጥገና ጠረጴዛዬ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የችግሩን ምልክት አይነግረኝም፤ መድኃኒቱን ራሱ ያዝልኛል። «ላፕቶፑ ተንቀራፏል፤ ፎርማት አድርግልኝ።» በእጄ ካለፉት ኮምፒውተሮች መካከል በቫይረስ ከጠፋው ፋይል ይልቅ በዚህ ትእዛዝ የጠፋው ይበልጣል።

ማጥፋትና ማብራትን፣ ቫይረስ መፈተሽን፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞችን መቀነስን አልደግምም። ይህ ጽሑፍ ያንን ሁሉ ጨርሶ አሁንም መፍትሄ ላጣ ሰው ነው።

ምልክት፦ ሥራ እስኪጀምር ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ፋይል ሲከፈት ይደርቃል

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ተቸንክሮ ከቀረ መንስኤው ዲስኩ ጋ ነው። ሜሞሪውም ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ ራሙ አንሶ ዊንዶውስ የተረፈውን ሥራ ዲስኩ ላይ እየጫነው ነው ማለት ነው። በአራት ጊጋባይት ራም ላይ ይህን በየቀኑ አያለሁ። ዲስኩን ብቻ ቀይሮ ራሙን እንዳለ መተው ግማሽ ጥገና ነው።

አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ያለው ሃርድ ዲስክ በአብዛኛው በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው። አንዲት ትንሽ ፋይል ለማንበብ የንባብ ክንዱ ወደ ቦታዋ ይጓዛል፤ ከዚያ ሳህኑ ዞሮ ፋይሏን ከሥሩ እስኪያመጣለት ይጠብቃል። አንዱ ሙሉ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ነው። የክንዱ ጉዞ ሲጨመርበት ዲስኩ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ ንባቦችን በሰከንድ አንድ መቶ እንኳ መጨረስ ያቅተዋል፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ግን የሚጠራቸው ፋይሎች በሺዎች ይቆጠራሉ። በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባው ኤስኤስዲ የተባለው ማስቀመጫ ግን የሚሽከረከርም የሚጓዝም አካል የለውም፤ ለአንዱ ንባብ የሚፈጅበት ጊዜ 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ለውጡ እንደ ተአምር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ እንግዲህ የጤነኛው ሃርድ ዲስክ ዝግታ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላው ነው፤ መሞት የጀመረው።

እጅዎን ከመዳሰሻው ግራና ቀኝ፣ ዲስኩ ባለበት ጎን ላይ ያሳርፉ። ጤነኛ ዲስክ ለስላሳና የማያቋርጥ ንዝረት አለው። የታመመው ይሠራና ዝም ይላል፤ «ጠቅ» ይላል፤ እንደገና ይነሣል። ያን «ጠቅ» ደጋግሞ የሰማ ሰው ላፕቶፑን እዚያው ያጥፋ። አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር ማለት የንባብ ክንዱ ሳህኑን እንዲፍቀው መፍቀድ ነው።

ድምፅ ከሌለ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱ። ከሰንጠረዡ ሦስት መስመሮች ይበቁዎታል፦ 05፣ ሲ5 (C5) እና ሲ6 (C6)። 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል፤ ሲ5 ዲስኩ ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠባበቁትን፤ ሲ6 ደግሞ ጨርሶ ያልተነበቡትን። በመጨረሻው አምድ ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ እያንዳንዷን መጥፎ ቦታ ለማንበብ ደጋግሞ እየሞከረ ነው። ኮምፒውተሩ ደርቆ የሚቀረው በዚያ ሙከራ መካከል ነው።

አሁን ወደ ፎርማት እንመለስ። ፎርማት ለምን የፈወሰ ይመስላል? ሙሉ ፎርማት ከዳር እስከ ዳር ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ዲስኩ በተጠረጠረው ቦታ ላይ እንዲጽፍ ሲታዘዝ ቦታው አልይዝ ካለው ከመጠባበቂያው አውጥቶ ይተካዋል። ሲ5 ይወርዳል፣ 05 ይጨምራል፣ ላፕቶፑ ነፍስ ይዘራል። ደንበኛው አመስግኖና ከፍሎ ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ጉዳቱ ወደ ጎረቤት ቦታዎች ይዛመትና ላፕቶፑ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ግን ፋይሎቹ የሉም። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ሲ5ን ሳያይ ፎርማት ቢያደርግ ይቅር አልለውም።

በአንድ የሰኔ ማብቂያ የአንድ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ የሆኑ እናት ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶታል። ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተሠራ የሁለት ዓመት ሒሳብ በዚያች ማሽን ላይ ብቻ ነው ያለው። «ልጄ፣ ሌላ ቦታ ፎርማት ይደረግ ብለውኛል፤ ሒሳቡ አይነካም አይደል?» አሉኝ። «እትዬ፣ ይነካል እንጂ፤ ጨርሶ ይጠፋል» አልኳቸው። ሲ5 ከሦስት መቶ በላይ ነበር። ዲስኩን ነቅዬ በዊንዶውስ ፈንታ በሚሠራው ሊኑክስ ላይ በዲዲሬስኪው ገለበጥኩት። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ ደህናውን ሁሉ ያወጣል፤ ወደ ቁስሉ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው፤ የት እንደደረሰም መዝግቦ ስለሚይዝ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ። በማግስቱ የፒችትሪው ማኅደር ሙሉ ሆኖ ተገኘ፤ የቀሩት ጥቂት የዊንዶውስ ፋይሎች ነበሩ። በአዲስ ኤስኤስዲ ላይ ሒሳቡን ከፍተው የመጨረሻውን ገጽ ሲያዩ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የማስተርስ ተማሪው ግን አልዳነም። እሱ ወደ እኔ የመጣው ከፎርማቱ በኋላ ነው። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ ተጭኖበታል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ከነመረጃው እዚያ ነበር። ማውጣት የቻልኩት ቁርጥራጭ ምዕራፎችንና ስማቸው የጠፋ ሠንጠረዦችን ነው።

መፍትሄው፣ በቅደም ተከተል

መጀመሪያ ፋይሉ ይውጣ። ሲ5 ዜሮ ከሆነ አዲሱን ኤስኤስዲ ከሳታ (የዲስኩ መሰኪያ) ወደ ዩኤስቢ በሚያገናኝ ገመድ ሰክቶ ዲስኩን እንዳለ መገልበጥ ይቻላል። ዜሮ ካልሆነ ግን ተራ የመገልበጫ ፕሮግራም አይጠቀሙ፤ ቁስሉ ላይ ሲደርስ ተጣብቆ ይቀርና ዲስኩን ይጨርሰዋል።

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ግልበጣ አይጀምሩ። መብራት የሚሄደው ሥራው ዘጠና በመቶ ሲደርስ ነው። ብዙዎቹን ሃርድ ዲስኮች ለዚህ ያደረሳቸውም ይኸው ነው፦ ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ በቀጥታ ከግድግዳ እየተመገበ፣ በጽሕፈት መካከል በተደጋጋሚ መጥፋት። ሌላው ገዳይ ሳህኑ እየተሽከረከረ ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ከቶ ታክሲ መሳፈር ነው። ላፕቶፑን አጥፍቶ ትንሿ መብራቱ እስክትጠፋ አምስት ሰከንድ መጠበቅ ማንንም አያስረፍድም።

ካቻቪቴ ከማንሣትዎ በፊት ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ክዳኑ እንደተከፈተም መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ይንቀሉ። ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ወረቀት ላይ ይደርድሩ። ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ አስገብቶ ማዘርቦርድ የበሳ ሰው አውቃለሁ። ሲዲ ማጫወቻ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ኤስኤስዲውን በዋናው ቦታ፣ ጤነኛ የሆነውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ በሲዲው ቦታ ያድርጉ፤ የሲዲው መስመር በብዙ ማሽኖች ላይ ዘገምተኛ ነው።

ምልክት፦ ኤስኤስዲ ገብቶም ይንቀራፈፋል፤ ወይም የተቀመጡ ፋይሎች አይከፈቱም

እዚህ ላይ የምቆጣው በገበያው ነው። ሁለት ዓይነት ማታለል አለ።

የመጀመሪያው በዩኤስቢ የሚሰካው ትልቅ አቅም የተጻፈበት ርካሽ «ኤስኤስዲ» ነው። አንዱ ደንበኛ ሁለት ቴራባይት ብሎ የገዛውን አመጣልኝ፤ የልጁ ልደትና የእናቱ ተዝካር ቪዲዮ ያለበት ነው። የፋይሎቹ ስም ይታያል፣ መጠናቸው ይታያል፣ አንዱም አይከፈትም። ሳጥኑን በጥፍሬ ከፈትኩት። ውስጡ የስልክ ሚሞሪ ካርድ በማጣበቂያ ተለጥፏል። ካርዱ የያዘው 64 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ የተቀረው ለኮምፒውተሩ የሚነገር ውሸት ነው። ልኩ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም የትም አይጻፍም፤ ስሙ ብቻ ይቀራል። ማውጣትም አይቻልም፤ አልተጻፈማ። ማንኛውንም አዲስ ማስቀመጫ ከመጠቀም በፊት ኤች2ቴስትደብልዩ በተባለው ፕሮግራም ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ መልሶ ማስነበብ ነው። ሰዓታት ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ሁለተኛው ስም የለሽ የውስጥ ኤስኤስዲ ነው። ሲገዛ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያሳያል። ያ ፍጥነት የፊት ለፊቷ ትንሽ ማቆያ ፍጥነት ነው፤ ረጅም ፋይል ሲገለበጥባት ትሞላና ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ በታች ይወርዳል። ገዢ ሆነው ሱቅ ውስጥ ሲቆሙ ፈጣን ሙከራ ብቻ አያስደርጉ፤ አሥር ወይም ሃያ ጊጋባይት ያስገልብጡበት። ጥሩ ኤስኤስዲ የሳታ ከሆነ እስከ 550 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ መስመሩ አያሳልፍም። ኤንቪኤምኢ የሚባለው፣ ከሳታ የሚፈጥነው ዓይነት፣ በሦስተኛው ትውልድ መስመር (ፒሲአይኢ 3) ላይ ከሆነ በሰከንድ 3,500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ነገር ግን ለሒሳብ፣ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ሥራ ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ያለው ዝላይ ነው የሚሰማው፤ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ያለውን ብዙ ሰው አይለየውም። ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ይለየዋል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

አዲሱ ኤስኤስዲ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ላይ አይታይም፦ ኤም.2 የሚባሉት ካርዶች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ሳታ ብቻ የሚቀበል ማስገቢያ ላይ ኤንቪኤምኢ ሰክተው ይሆናል።

የዊንዶውስ መጫኛው ዲስክ የለም ይላል፣ ባዮስ ግን ያየዋል፦ በ11ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ባሉ የኢንቴል ላፕቶፖች ምክንያቱ ባዮስ ውስጥ ያለው ቪኤምዲ የተባለው ምርጫ ነው፤ ድራይቨሩን በፍላሽ ይስጡት ወይም ምርጫውን ያጥፉት።

ከግልበጣ በኋላ አይነሣም፦ ባዮሱ ሌጋሲ ወይስ ዩኢኤፍአይ በተባለው የማስነሻ ዘዴ ላይ እንደነበር ይመልከቱ።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ሲ7 (C7) ብቻ ይጨምራል፦ በአብዛኛው ገመዱ ነው፣ ዲስኩ አይደለም።

48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል፦ ይህ ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ ዲስክ ምስጠራ ነው፤ አልፎ አልፎ ቢሆንም ከባድ ነው። አንዲት ወጣት አጎቷ ከአሜሪካ የላከላትን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ሌላ ቦታ ባዮሱን ነካክተውት ቁልፍ ይጠይቃል። ማሽኑ የተመዘገበው በአጎትየው የማይክሮሶፍት አካውንት ስለነበር ቁልፉም እዚያው ነበር። እሷ የማታውቀው፣ እሱም የረሳው ነገር ነው። ሌሊት ደውላ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰችው፤ ቁጥሩን እያነበበላት ወረቀት ላይ ጻፈች። አካውንቱ ባይገኝ ኖሮ ያን ዲስክ ሊከፍት የሚችል ባለሙያ የለም። ላፕቶፕ ወደ አገር ቤት የምትልኩ ወገኖች፣ ቁልፉን አብራችሁ ላኩ፤ ወይም ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ምስጠራውን አጥፉ።

ኤስኤስዲ ይበቃዋል ወይስ ማሽኑ ይቀየር?

በፕሮሰሰሩ ስም ላይ ያለውን ቁጥር ይመልከቱ። አይ5-7200ዩ ሰባተኛ ትውልድ ነው፤ አይ5-8250ዩ ስምንተኛ፤ አይ5-10210ዩ አሥረኛ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው የሚቀበለው፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልም ይፈልጋል። ስለዚህ ስምንተኛና ከዚያ በላይ ሆኖ ሃርድ ዲስክ የተሸከመ ላፕቶፕ ያለው ሰው ለአፍታ አያመንታ፤ ኤስኤስዲና ስምንት ጊጋባይት ራም ብዙ ዓመት ያሠሩታል። ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ያለው ለጽሑፍ ሥራና ለተማሪ አሁንም ደህና ነው፤ ባንክና የመሥሪያ ቤት ሥራ የሚሠራበት ሰው ግን ድጋፍ በሌለው ዊንዶውስ ላይ ገንዘቡን አያንቀሳቅስ፤ ሊኑክስ መልመድ ወይም ማሽን መቀየር አለበት።

ገንዘብ የማላስወጣባቸውም አሉ። ማስቀመጫው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ኢኤምኤምሲ የሚባል 32 ወይም 64 ጊጋባይት ያለው ቀጭን ላፕቶፕ በአብዛኛው ሌላ ዲስክ የሚገባበት ቦታ የለውም። ማጠፊያው የተሰበረ፣ ባትሪው ያበጠ፣ ራሙም የማይጨመር ከሆነ ተዉት። ያበጠ ባትሪ ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም፤ ዛሬውኑ ይውጣ። እኔ የምከተለው ልክ ይህ ነው፦ የኤስኤስዲው፣ የራሙና የባትሪው ድምር አንድ ሻል ያለ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሚያወጣው ግማሽ ካለፈ ጥገናውን አልቀበልም።

ያገለገለ ሊገዙ ሲሄዱ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን በፍላሽ ይዘው ይሂዱ። 05ን፣ ሲ5ንና ዲስኩ የሠራበትን ሰዓት ሳያዩ ገንዘብ አይቁጠሩ። ሻጩ ፍላሹን አልሰካም ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።