ፕሪንስ ጆርጅ እንግዳ ሲመጣባችሁ የት የት ትወስዱታላችሁ?

ዘመድ ደውሎ «ልንመጣ ነው» ሲለኝ መጀመሪያ የምነግረው በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ያለችውን ከተማችንን በአውራ ጎዳናው እንዳይፈርድባት ነው። ከቫንኩቨር ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነድቶ ለደከመ ሰው ቀድሞ የሚታየው ነዳጅ ማደያና ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ነው። ነፋሱ ከመጥፎ አቅጣጫ ከነፈሰ ደግሞ ከእንጨት የወረቀት ጥሬ ዕቃ የሚሠራው የፐልፕ ፋብሪካ የድኝ ሽታ ይቀበለዋል። ምን ይደረግ፣ እንጀራዋ እንጨት ነው።

ሚስተር ፒጂን ቶሎ አሳዩና ገላግሏቸው። አውራ ጎዳና 16 እና 97 የሚገናኙበት ላይ የቆመ፣ ስምንት ሜትር ገደማ የሚረዝም የግንድ ሰውዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሠራ እውነተኛ እንጨት ነበር፤ በስብሶ ስላስቸገረ አሁን ያለው ብረትና ፋይበርግላስ ነው። የእንጨት ከተማ ምልክት ከእንጨት አለመሆኑ ሁሌም ያስቀኛል። ፎቶ፣ አምስት ደቂቃ፣ በቃ።

ከዚያ ወደ ወንዙ ውረዱ። የልሄይድሊ ተኔ መታሰቢያ ፓርክ ከፍሬዘር ወንዝ ዳር ነው። ቦታው የአገሬው ተወላጅ የሆነው የልሄይድሊ ተኔ ሕዝብ መንደር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ነዋሪዎቹ እንዲለቁ ተደርጎ ቤታቸው ተቃጠለ። ፓርኩ የአሁኑን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። መካነ መቃብራቸው እዚያው ስለሆነ ልጆቻችሁን ኳስ ይዘው እንዳይጠጉት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ኤክስፕሎሬሽን ፕሌስ የሚባለው ሙዚየምም እዚሁ ግቢ ውስጥ አለ። በበጋ ትንሿ የእንፋሎት ባቡር ትሠራለች፤ ልጆች ከሷ አይወርዱም።

ኮተንዉድ አይላንድ ፓርክ ላይ ግን አትቸኩሉ። ኒቻኮ ወንዝ ከፍሬዘር የሚገናኘው እዚያ አጠገብ ነው። ፍሬዘር ጭቃማ፣ ኒቻኮ ጠራ ያለ ስለሆነ በደህና ቀን ሁለቱ ውሃዎች ወዲያው ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ሲሄዱ ታያላችሁ። ዛፎቹ ቅርፊታቸው በጣም ወፍራም ነው፤ አንዳንዱ ላይ ፊት ተቀርጾበታል። ቀስ ብላችሁ ካልሄዳችሁ ታልፏቸዋላችሁ። ልጆቹ እንዲፈልጉ አድርጓቸው፣ እናንተ አረፍ በሉ። በረዶ ሲቀልጥ ወንዙ መንገዱን ስለሚይዘው ግንቦትና ሰኔ ላይ ቦቲ ያስፈልጋል። የባቡርና የደን ሙዚየሙ ጎረቤት ነው፤ ማሽን የሚወድ ሰው ካለ እዚያ ጥላችሁት ሂዱ።

አንድ ሙሉ ቀን ግን ለጥንታዊው ደን አስቀምጡ። በአውራ ጎዳና 16 ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ማክብራይድ አቅጣጫ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታንኩን ከተማ ሙሉት፤ ካርታውንም ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ኔትወርክ ይጠፋል። ምሳ ያዙ። ከአዲስ አበባ የመጣችው አክስቴ መኪና ውስጥ «ልጄ፣ ዛፍ ለማየት ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የምንሄደው?» ብላ ስታጉረመርም ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ የሴዳር ዛፍ ሥር ስትደርስ አንገቷን ቀና አድርጋ «እግዚኦ!» አለችና አማተበች።

አንዳንዶቹ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ዝናብ ያዘለው ደመና ተራራው ላይ ይራገፋል፤ የበረዶው ውሃ ደግሞ በጋውን ሙሉ ከዳገቱ ሥር ይሰርጋል። መሬቱ ስለማይደርቅ እሳት እምብዛም አይደፍረውም። ግንዱን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ቅርፊቱ በረጅሙ እየተተረተረ የወረደ ነው፣ ለስላሳም ነው። ከቅርንጫፎቹ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። እነዚህ ዛፎች ለመቆረጥ ምልክት ተደርጎባቸው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የእግር ተጓዦች ማኅበር ተሟግተው አስጣሏቸው፤ ቦታው እ.ኤ.አ. በ2016 የክፍለ ሀገሩ ፓርክ ሆነ።

ከጣውላው መንገድ አትውረዱ። ሥሩ ይጎዳል፣ ደግሞም ዳር ዳሩን ያለው ዴቪልስ ክለብ የሚባል ተክል ግንዱ ሁሉ እሾህ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው ክፍል ለተሽከርካሪ ወንበርም ይሆናል፤ ጉልበቷ የሚያማት አክስቴም አልተቸገረችም። የትንኝ መከላከያና የድብ ስፕሬይ ያዙ። ስፕሬዩ ኪስ ውስጥ እንጂ መኪና ውስጥ ዋጋ የለውም።

በሰኔ ጀምበር የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ማታ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ስለሆነ ጊዜው የሚበቃ ይመስላል። ቢሆንም ሳይመሽ ተመለሱ። ድንግዝግዝ ሲል ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን መንገድ ላይ ይወጣል፤ ጥቁር ቡናማ ስለሆነ እስክትደርሱበት አይታይም።

ጊዜ ያጠረው እንግዳ ከሆነ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው ፎረስትስ ፎር ዘ ወርልድ ይበቃዋል፤ ሼን ሐይቅን ዞራችሁ ለምሳ ቤት ትደርሳላችሁ። በክረምት ከመጡባችሁ ደግሞ የጥንታዊውን ደን ነገር ተዉትና ኦትዌይ ወደሚባለው የበረዶ ሸርተቴ (ስኪ) ቦታ ውሰዷቸው። ወፍራም ካልሲ ከቤት ይዛችሁላቸው ሂዱ፣ ከቫንኩቨር የመጣ ሰው በቀጭን ካልሲ ነው የሚመጣው።