ወገብዎን ሲያምዎ፣ ማስታገሻ ከመግዛትዎ በፊት

ቡሬ ውስጥ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ጤፍ አጨዳ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የሰነበተው ገበሬ ሁሉ ወገቡን ይዞ ይመጣና «ልጄ፣ ኩላሊቴን አሞኛል፤ ያቺን ዲክሎፌናክ ስጪኝ» ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ የታመመው የወገብ ጡንቻ ነው። ኩላሊት እየተጎዳ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳምም፤ እግር ሲያብጥ፣ ፊት ጠዋት ጠዋት ሲነፋ፣ ሽንት አረፋ ሲያበዛ ነው የሚታወቀው። ጠጠር ግን ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት እየወረደ አጥብቆ ያማል። የኩላሊት ኢንፌክሽን ደግሞ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። እነዚህ ካሉ መሄድ ያለብዎ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ማስታገሻ ሊገዙ ሲመጡ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይምጡ። ይህን የምለምነው በተለይ የደም ግፊት ያለባቸውን ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ያጠብባሉ። የግፊት ኪኒን የሆነው ኢናላፕሪል ደም የሚወጣበትን ያሰፋል፤ ሌላው የግፊት ኪኒን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ውኃና ጨው በሽንት ያስወጣል። ሦስቱ ዓይነት መድኃኒቶች ሲገናኙ ማጣሪያው የሚሠራበት ግፊት ይወድቅና ኩላሊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። «በመርፌ ከሆነስ?» ይሉኛል። ዲክሎፌናክ በመርፌም ቢሰጥ ደም ውስጥ ስለሚገባ ጉዳቱ ያው ነው።

ይህን ሰምተው ግን የግፊት ኪኒንዎን እንዳያቆሙ! ኩላሊትን ከሁሉ በላይ የሚያበላሹት ያልተቆጣጠሩት ስኳርና ደም ግፊት ናቸው። ማስታገሻውን ነው መቀየር።

ሰውነት ውኃ ሲያጣ አደጋው ይጨምራል። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚውሉ፣ ሰሊጥ ለማጨድ መተማ ወርደው ፀሐይ ላይ የሚውሉ ልጆቻችን፣ ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ዲክሎፌናክን ይተዉት። የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ ተቅማጥ ከበረታብዎ በዚያው ቀን ባለሙያ ያማክሩ፤ እስኪሻልዎ ለጥቂት ቀን እንዲያቋርጡ ሊነግርዎ ይችላል።

ለወገብ ፓራሲታሞል ለኩላሊት ይሻላል፦ ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙን 1 ወይም 2 ፍሬ፣ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በቀንና ሌሊት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። አረቄ የሚያዘወትር ወይም ጉበቱን የሚያመው ሰው ከዚህ ያነሰ ስለሚያስፈልገው ይጠይቅ። ወገብዎን በሞቀ ጨርቅ መተኮስም ያግዛል።

ጄንታማይሲን የሚባለው የኢንፌክሽን መርፌም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ይወጋ። መጠኑና ውስጡ ያለው ሥር ያልታወቀ የባህል መድኃኒትም አይጠጡ፤ ኩላሊት የሚያበላሹ ዕፅዋት አሉ።

ስኳር ወይም ግፊት ካለብዎ ደግሞ በየዓመቱ ሁለት ምርመራ ይጠይቁ፦ የሽንት ፕሮቲንና የደም ክሬአቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ)። ግፊትዎን ለክተው የማያውቁ ከሆነ ገበያ በወጡበት ቀን ይለኩ። ደጋግሞ 140/90 እና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምንም ባያምዎም ክትትል ይጀምሩ።

ማስታገሻ ወስደው ሽንትዎ ከቀነሰ ወይም እግርዎ ካበጠ ማስታገሻውን ያቁሙና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ማሸጊያውን ለሐኪሙ ያሳዩ።