እንግዳ ምእመን የምናሸሽባቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ የአጥቢያቸውን መግለጫ ጽፈው «እስቲ እየው» የሚሉኝ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አይጠፉም። ጎበዞች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ግን ሁሉም የሚጀምሩት ከንጉሥ ነው።

«በዐፄ እገሌ ዘመነ መንግሥት የተተከለው ይህ ታላቅና ታሪካዊ ደብር...» ይላል። ከዚያ የአለቆች ስም ይደረደራል። ከዚያ የንዋየ ቅድሳቱ ዝርዝር ይከተላል። ሦስት ገጽ አንብበህ ቅዳሴ በስንት ሰዓት እንደሚገባ አታገኝም። ወገን፣ ጎንደር እኮ ነው! አርባ አራት ታቦት በሚባልላት ከተማ «ጥንታዊ ነን» ማለት ከጎረቤት ደብር አይለይም። ታሪኩ ይቅር አላልኩም። ከተጻፈ ግን በትክክል ይጻፍ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ ጦር ከተማዋን ሲያቃጥል ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አብረው ነደዋል። ስለዚህ ደብሩ የተተከለበት ዘመን ሌላ፣ ዛሬ የምንሳለመው ሕንፃ የተሠራበት ዘመን ሌላ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ሁለቱን ይደባልቁና በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁሉንም ለፋሲል ይሰጡታል።

የደብሩ ማንነት ዛሬ ግቢው ውስጥ የሚሆነውም ነው። የአብነት ትምህርት ቤት አለ? ምን ይማሩበታል? የከተማችንን የበኣታ ደብር አቋቋሟን (የዜማና የሽብሸባ ትምህርቷን) ሳይጠራ ማን ያስተዋውቃታል? ጸበል አለ? የማታ ጉባኤው ስንት ቀን ነው? በዐቢይ ጾም በሥራ ቀን ቅዳሴው ከሰዓት መሆኑን ለመጤ ሠራተኛ የነገረው ማን ነው? በዚያው ቤተ ክርስቲያን አብሮ ያለውን ደባል ታቦቱንም አትርሱ። የአንዱን ዓመታዊ በዓል ብቻ ጽፋችሁ እንግዳው የሌላው ንግሥ ያልፈዋል።

ሁለተኛው ስህተት በር ላይ ነው። አንድ አጥቢያ ደጀ ሰላም ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሴትዮዋ ሆስፒታል ሰው አስተኝታለች። የአስታማሚ ካርዷ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሹራብ ለብሳ፣ ባዶ ሃይላንድ ይዛ ለጸበል መጥታለች። አንድ አባት ገና ሳትሳለም «እንዲህ ሆነሽ ነው የምትገቢው? ነጠላሽስ?» ብለው ጮኹባት። ምንም አልመለሰችም። ሃይላንዷን እንደያዘች ዞራ ሄደች። ሥርዓቱ ልክ ነው፤ እኔም ነጠላ በመስቀለኛ ይጣፋ ባይ ነኝ። ግን ከነጠላው በፊት «እንደምን አደርሽ» ይቀድማል። ሁለት ሦስት ትርፍ ነጠላ አጥባችሁ ጥበቃው ክፍል አስቀምጡ። የሚያውሳት ሰውም መድቡ።

«አገርህ የት ነው? የማን ልጅ ነህ?» እያላችሁ አትጀምሩ፣ በተለይ በዚህ ዘመን። የክርስትና ስሙን ጠይቁት፤ ይበቃል።

«በወዲያ በር ግቢ» ማለትም መንገር አይደለም። ሴቶች በደቡብ፣ ወንዶች በሰሜን እንደሚገቡ የዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪ ላያውቅ ይችላል። ሰሜኑ በየት በኩል እንደሆነስ ማን ነገረው? አብራችሁት ሂዱ።

አዲስ ልጅ በመጣ በሳምንቱ መዝሙር ክፍል አስገብቶ ከበሮ ማሸከምም ይቅር።

ስለ ሰበካ ጉባኤ ምዝገባ የምናወራው ለሕንፃ ማሠሪያ ስንለምን ብቻ መሆኑ ደግሞ ያበሳጨኛል። ሰው አባልነቱን የሚፈልገው ለልጁ ክርስትና፣ ለተክሊል፣ ለፍትሐት ነው። አዘዞ ቤት ተከራይቶ የገባ አባት ሴት ልጁ ሰማንያ ቀን ሊሞላት አምስት ቀን ሲቀራት ነው ወደ ጽሕፈት ቤት የሚሮጠው። ያኔ «ከቀድሞ አጥቢያህ መሸኛ አምጣ» ይባላል። ይህን ቀድሞ መንገር ምን ይከብዳል? የሚጠየቀውን ወረቀት ሁሉ ከጸሐፊው ጠይቃችሁ መግለጫው ላይ አስፍሩ። የነፍስ አባት የሌለው ሰው ማንን እንደሚያናግርም ጻፉ። ስልክ የማያነሳ ሰው ቁጥር ግን አታስቀምጡ።

ለጥምቀት ለብቻው አንድ ገጽ አዘጋጁ፤ ያን ሰሞን የሚመጣው እንግዳ ሌላ ነው። ታቦታችሁ ጥር 10 ከተራ ዕለት በስንት ሰዓት ይነሣል? ወደ ፋሲል መዋኛ ነው የሚወርደው ወይስ ወደ ሌላ ጥምቀተ ባሕር? አብዛኛው ታቦት ጥር 11 ሲገባ ሚካኤል ጥር 12 እንደሚገባም ጻፉበት። በየዓመቱ ጥር 11 ማታ «ለምን አልገባም?» የሚለኝ ሰው አላጣም።